ሥጋውን ለድሃ ይሰጡ የነበሩ ቁማርተኞች
ከጃሂሊያ ቀስት እስከ ስልካችን ውርርድ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ዝግጅታችን የታሪክ ዝግጅት ነው። የተነሣንበት ጉዳይ ግን ዛሬም በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ ቀበሌዎች ከየቤታችን ደጃፍ አልራቀም። ጉዳዩ ቁማር ነው።

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ወልድያ ሳይደርስ መርሳን ያገኛል። መርሳ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ የማሽላና የጤፍ፣ የማንጎና የብርቱካን አገር ነው። ከዚህም ሌላ የዒልም አገር ነው። ዳናን የመሰለ ስመ ጥር የዒልምና የዒባዳ ማእከል ያለበት፣ ደረሳው ስንቁን በትከሻው አንጠልጥሎ ከሩቅ እየመጣ ኪታብ የቀራበት ምድር ነው።

ዛሬ በዚሁ አገር የዒሻ ሰላት ተሰግዶ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ፣ አንዳንዱ ወጣት ስልኩን እንደያዘ ጥግ ላይ ይቀመጣል። የአውሮፓ እግር ኳስ ውጤት ይጠብቃል። ኳስ ማየት መውደዱ አይገርመንም። የሚያስጨንቀን ጨዋታው ላይ ገንዘብ ማስያዙ ነው። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ "ቲኬቴ ተቃጠለ" ይላል። ሌሊቱን እንቅልፍ የለውም፤ ለሱብሒ አይነሣም። በማግስቱ የተበላውን ለማስመለስ ከጓደኛው ይበደራል።

ይህን ወጣት ጠጋ ብለን "ይህ ነገር ምን ይጠቅምሃል?" ብንለው መልስ አያጣም። "የሥራ ዕድል ይፈጥራል፤ መንግሥት ግብር ያገኝበታል፤ ትንሽ ብር ብቻ ነው የማስይዘው፤ ራሴን እቆጣጠራለሁ" ይለናል። ይህ መልስ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ከ1,400 ዓመታት በፊትም የመካ ቁማርተኞች ተመሳሳይ መልስ ነበራቸው። እንዲያውም የእነርሱ መልስ ከእኛው ወጣት የተሻለ ነበር። ታሪኩን ከዚያ እንጀምር።

የዐረቦቹ መይሲር

ቁርኣን ቁማርን "አል-መይሲር" ብሎ ይጠራዋል። የቋንቋ ሊቃውንት የቃሉን ምንጭ ሲያስረዱ፣ አንዳንዶቹ "ቀላል" ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ያለ ድካም የሚገኝ ገንዘብ ስለሆነ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ግመሉን አርዶ ከመከፋፈል ጋር ያያይዙታል። በ1961 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ ቁርኣን ትርጉም ለምናነበው ደግሞ "ቁማር" የሚለው ቃላችን ራሱ ከዐረብኛው "ቂማር" ጋር አንድ መሆኑን ማስታወስ ጠቃሚ ነው።

በጃሂሊያ ዘመን መይሲር የሚካሄደው በአብዛኛው ክረምት ከብዶ ብርዱ ሲጸና፣ ድርቅ ሲገባና ድሃው ሲራብ ነበር። ባለጸጎች ተሰብስበው አንድ ግመል በዱቤ ይገዛሉ። ግመሉ ይታረዳል፤ ሥጋው ይመደባል። በአንድ ዘገባ 28 መደብ ይሆናል፤ በሌላ ዘገባ 10 ይሆናል። ከዚያ ዐሥር ቀስቶች ይቀርባሉ። እያንዳንዱ ቀስት ስም አለው። "ፈዝ" የተባለው አንድ ድርሻ፣ "ተውአም" ሁለት፣ "ረቂብ" ሦስት፣ እንዲህ እያለ ሰባተኛው "ሙዐላ" ሰባት ድርሻ ያገኛል። የቀሩት ሦስቱ ባዶ ናቸው። ቀስቶቹ በአንድ ከረጢት ውስጥ ገብተው ይነቀነቃሉ። አውጪው በእጁ ዳሶ እንዳይለያቸው እጁ በጨርቅ ይሸፈናል። ቀስቱ የወጣለት ድርሻውን ይወስዳል፤ ባዶ የደረሰው የግመሉን ዋጋ ከኪሱ ይከፍላል።

እስኪ ቀጥሎ ያለውን ልብ እንበል። ያሸነፉት ሰዎች ሥጋውን ወደ ቤታቸው አይወስዱትም ነበር። ለድሆችና ለችግረኞች ያከፋፍሉታል። ከሥጋው መቅመስን እንደ ነውር ይቆጥሩታል። በዚህም ይኩራራሉ። ገንዘቡን ሰስቶ ከጨዋታው የቀረውን ሰው "በረም" እያሉ ይሰድቡታል፤ ስስታም ማለታቸው ነው። እንግዲህ በዚያ አገር ቁማር የማይጫወት ሰው የሚያፍርበት፣ የሚጫወተው ደግሞ ለጋስ የሚባልበት ዘመን ነበር። የተራበ ድሃ ሥጋ በልቶ ያድራል። ከዚህ የበለጠ ማራኪ ልብስ የለበሰ ቁማር ከየት ይመጣል?

ጥቅሙን ሳይክድ የመጣው ፍርድ

ሰዎች ስለ መጠጥና ስለ ቁማር ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ። መልሱ በሱረቱል በቀራህ 219ኛው አንቀጽ ላይ ወረደ። አላህ (ሱ.ወ.) በሁለቱም ውስጥ ታላቅ ኃጢአት እንዳለ፣ ለሰዎችም ጥቅሞች እንዳሉባቸው፣ ኃጢአታቸው ግን ከጥቅማቸው እንደሚበልጥ አሳወቀ። ቁርኣን የድሃውን ሥጋ አልካደም፤ ጥቅሙን ጥቅም ብሎ ጠራው። ከዚያ ሚዛን ላይ አወጣውና ጉዳቱ እንደሚከብድ ፈረደ። ስለዚህ አንድ ሰው "ቁማር እኮ ይህን ይህን ጥቅም አለው" ሲለን ልንደናገጥ አይገባንም። ጥያቄው ተጠይቆ፣ ጥቅሙም ተቆጥሮ፣ ፍርዱ ተሰጥቶ አልፏል።

ከዚያ በሱረቱል ማኢዳህ 90ኛውና 91ኛው አንቀጾች ቁርጥ ያለው ክልከላ መጣ። ቁማር ከመጠጥ፣ ከጣዖታትና ከአዝላም ማለትም ከመጠንቆያ ቀስቶች ጋር ተደምሮ ከሸይጧን ሥራ የሆነ ርኩሰት ተባለ። ምክንያቱም ተገለጸ፤ ሸይጧን የሚፈልገው በመካከላችን ጠብና ጥላቻን መጣል፣ ከዚክርና ከሰላት ማገድ ነው። የመጀመሪያው ጉዳት ሰውን ከሰው ያጣላል፤ ሁለተኛው ሰውን ከጌታው ይለያል። ከታቢዒዮች አንዱ የሆኑት ቀታዳ የጃሂሊያን ሰው ሲገልጹ፣ ቤተሰቡንና ሀብቱን አስይዞ ይቆምር እንደነበር፣ ከተበላም በኋላ ንብረቱን በሌላ ሰው እጅ እያየ በሐዘን ይቀመጥ እንደነበር፣ በመካከላቸውም ጠላትነት ይነግሥ እንደነበር ተዘግቦላቸዋል። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረው የእኛው ወጣት ከዚህ ሰው በምን ይለያል?

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካ ስትከፈት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዕባ ውስጥ የኢብራሂምና የኢስማዒል (ዐ.ሰ.) ሥዕሎች ቀስት ይዘው ተሥለው አገኙ። ሁለቱ ነቢያት በእነዚያ ቀስቶች ዕጣ አውጥተው እንደማያውቁ ተናገሩ፤ የሣሉትንም ኮነኑ። ጃሂሊያ ልማዷን ለማስከበር የነቢያትን ስም እንኳ ትዋስ እንደነበር ከዚህ እንረዳለን።

ከክልከላው በኋላ ሰሐቦች እንዴት ኖሩ ብለን ብንጠይቅ ሁለት ነገሮች እናገኛለን። አንደኛው በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሐዲስ ነው። ጓደኛውን "ና እንቋመር" ብሎ የጋበዘ ሰው ሰደቃ እንዲያወጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዝዘዋል። ገና ቁማሩ አልተጀመረም፤ የወጣው ቃል ብቻ ነው። ለቃሉ እንኳ ማስተሰረያ ተደረገለት። ገንዘብ በከንቱ ሊያጠፋ ለተዘጋጀ እጅ ለድሃ መስጠትን አስለመዱት። ይህ ለተሳሳተ ሰው የተከፈተ በር ነው።

ሁለተኛው በኢማም ማሊክ ሙወጠእ ውስጥ የሚገኘው የእናታችን የዓኢሻ (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። በግቢያቸው ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች "ነርድ" የተባለውን የዛሕር ጨዋታ እቤታቸው እንዳስቀመጡ ሰሙ። "ካላወጣችሁት ከቤቴ አስወጣችኋለሁ" የሚል መልእክት ላኩባቸው። በመንገድ ዳር ቤት ኖሯችሁ የምታከራዩ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ታሪክ ለእናንተ ነው። ለውርርድ ቤት የሚከፈለው ኪራይ ከሌላው ከፍ ቢል እንኳ ቤቱ የእናንተ ነው፤ ጥያቄውም ወደ እናንተ ይመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ። "እቁብስ ዕጣ አይደለም ወይ?" ይባላል። ዕጣ ማውጣት በራሱ ክልክል አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጉዞ ሲነሡ በባለቤቶቻቸው መካከል ዕጣ ያወጡ ነበር። በእቁብ ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ነው፤ ሁሉም ያወጣውን ያህል ያገኛል፤ ማንም አይበላም። በቁማር ግን አንዱ የሚያገኘው ሌላው ሲያጣ ብቻ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ግልጽ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በአገራችንም ቁማር እንግዳ ነገር አይደለም። በልጅነታችን በቆርኪ ተጫውተናል፤ ሳንቲም ወርውረን "ዘውድ ወይስ ጎፈር" ተባብለናል። በገበያ ቀን ከገጠር የመጣውን ገበሬ ሦስት ካርታ እያገላበጠ የሚያታልል ሰው ብዙዎቻችን አይተናል። በየሰፈሩ ካርታ የሚጣልበት ጓዳ ነበር። ይህ ሁሉ ግን በድብቅና በሐፍረት የሚደረግ ነበር። ቆማሪ ተብሎ የተጠራ ሰው ልጅ ሲድርም ሆነ ብድር ሲጠይቅ ስሙ ይከተለው ነበር።

ሐፍረቱን የቀነሰው ሎተሪ ነው። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሥርዓት ተለዋውጧል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወርደው ደርግ መጥቷል፤ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ተተክቷል፤ ሎተሪው ግን በሁሉም ዘመን ቆይቷል። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 535 አስተዳደሩ እንደገና ተቋቁሟል። መደበኛው፣ እንቁጣጣሽ፣ ቶምቦላ፣ ፋቅ ተደርጎ ወዲያው የሚታየው፣ ቢንጎው ሁሉ ተከታተሉ። ቲኬቱን ይዘው በየአስፋልቱ የሚዞሩት ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ያጡ ልጆችና አረጋውያን ናቸው። ሎተሪ የሚገዛውም "ባይደርሰኝም ለልማት ይውላል" ይላል። ውድ አድማጮቻችን፣ ይህን ቃል ከግመሉ ሥጋ ጋር አስተያዩት። ድሃው በላ፣ አገሩ ለማ፤ የለበሰው ልብስ አንድ ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ የእግር ኳስ ውርርድ ነው። በሳተላይት የሚተላለፈው የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ በየከተማው የወጣቱን ልብ ከያዘ ቆይቶ ነበር። በእኛም አካባቢ ኳስ የተወደደ ነው። ወልድያ በ2009 ዓ.ም. በሼክ ሙሐመድ ሑሴን አል-አሙዲ ስም የተሰየመ ትልቅ ስታዲየም ተመርቆላታል። ኳስ መጫወትም ማየትም በልኩ ከሆነ ክፋት የለበትም። ስፖርት ውርርድ ግን በዚሁ ፍቅር ላይ ተንጠላጥሎ ገባ። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በየከተማው የውርርድ ቤቶች በዙ። ሕጉ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው እንዳይጫወት ይከለክላል፤ ነገር ግን ደብተር የያዘ ተማሪ ቲኬት ሲቆርጥ ያላየ ማን ነው?

በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የውርርድ ቤቶችን በዘመቻ ዘጋ። በዚያን ጊዜ ብዙ ወላጅ ተደስቶ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ አስቀድሞ አንድ ሌላ ነገር ተለውጧል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ገንዘብ በስልክ ማዘዋወር ቀላል ሆኗል። ይህ ለነጋዴውም ለገበሬውም ትልቅ ጥቅም ነው። ለቆማሪው ግን የውርርድ ቤቱ ወደ ኪሱ ገባ ማለት ነው። የጃሂሊያው ቆማሪ ግመል እስኪታረድ ይጠብቅ ነበር። የካርታው ቆማሪ ጓዳ ፍለጋ ይሄድ ነበር። የዛሬው ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ፣ እናቱ አጠገቡ ተኝታ ሳለች ይቆምራል። ስለዚህ በር በመዝጋት ብቻ ነገሩ አይቆምም።

ሒሳቡን እንሥራው

ወጣቶች "እኔ ኳስ አውቃለሁ፤ ዕድል ሳይሆን ዕውቀት ነው" ይላሉ። እንግዲህ ቀለል ባለ ምሳሌ ሒሳቡን እንሥራው። ሳንቲም ወረወርን እንበል። ዘውድ ወይም ጎፈር ይወጣል። ፍትሕ ቢኖር 10 ብር አስይዞ ያሸነፈ ሰው 20 ብር ይመለስለት ነበር። አወራራጁ ግን 18 ብር ከ50 ሳንቲም ይከፍላል እንበል። ሰውየው 100 ጊዜ ቢጫወት ያስያዘው 1,000 ብር ነው። ግማሹን ጊዜ ቢያሸንፍ የሚመለስለት 925 ብር ነው። 75 ብሩ ሁልጊዜ በአወራራጁ ዘንድ ይቀራል። ዛሬ ያሸነፈ ነገ ይመልሰዋል፤ የጨዋታው ቁጥር በበዛ መጠን ኪሳራው እርግጠኛ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ዐሥር ጨዋታ በአንድ ቲኬት ላይ ይቆረጥ። ሁሉንም የመገመት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው። ፍትሕ ቢኖር 10 ብር ያስያዘው 10,240 ብር ይገባው ነበር። በዚያው በ18 ብር ከ50 ስሌት ግን የሚከፈለው 4,700 ብር እንኳ አይሞላም። ከግማሽ በላዩ ገና ኳሱ ሳይጀመር ተወስዷል። ወጣቱ የሚያየው ግን በ10 ብር አራት ሺህ ከምናምን ብር ማግኘትን ነው። ዘጠኙን ገምቶ ዐሥረኛው ላይ ሲሳሳት ደግሞ "በአንድ ጨዋታ ተቃጠለብኝ" ይላል። ቀርቤ ነበር የሚለው ይህ ስሜት ነው በማግስቱ መልሶ የሚያመጣው።

"በኃላፊነት እጫወታለሁ"

ቁማር ኢንዱስትሪ በሆነባቸው አገሮች "በኃላፊነት ይጫወቱ" የሚል ማሳሰቢያ በየማስታወቂያው ሥር ይጻፋል። የገንዘብ ልክ አብጁ፣ የሰዓት ልክ አብጁ፣ ተበድራችሁ አትጫወቱ ይላል። ምክሩ በራሱ ከምንም ይሻላል፤ አንዳንዱን ሰው ከከፋ ጉዳት አድኖት ይሆናል። ለሙስሊም ግን ልኩ አስቀድሞ ተቀምጧል፤ ራቁት ተብለናል። ከዚህም በላይ ይህ ምክር ትልቅ ጉድለት አለበት። ልክ አብጅ የሚባለው ሰው፣ ልክ ማበጀት የተሳነው ሰው ነው።

ይህን ሐኪሞችም ተረድተውታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከቁጥጥር ውጪ የሆነ ቁማርን እ.ኤ.አ. በ1980 በሕመሞች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በ2013 ደግሞ ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር መደበው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛ የበሽታዎች ምደባ የቁማር ሱስን አስፍሮታል። ቁርኣን መጠጥንና ቁማርን በአንድ አንቀጽ ካስቀመጠ ከ1,400 ዓመታት በኋላ ሕክምናው ሁለቱን በአንድ መደብ አስቀመጣቸው። ሱብሓነላህ!

ይህ ዕውቀት ግን እኛንም ይወቅሰናል። ምክንያቱም እኛ ብዙ ጊዜ "ሐራም ነው" ብለን እንጨርሳለን። ቃሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ለታመመ ሰው ክልከላውን ብቻ ነግሮ መሄድ፣ ጉድጓድ ውስጥ ለወደቀ ሰው "መግባት ክልክል ነበር" ብሎ እንደማለፍ ነው። ገመዱን ማን ይወርውርለት?

አንድ ቤት እናስብ

እስኪ በሐብሩ አንድ ቤት እናስብ። እህት ሳዑዲ ዐረቢያ በሰው ቤት ትሠራለች። እንዲህ ያለ ቤት በአካባቢያችን ብዙ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ቁጥር ከ160 ሺህ በላይ እንደነበርም አንዘነጋም። ያቺ እህት እንቅልፏን አጥታ ያጠራቀመችውን ብር ለወንድሟ ትልካለች። "ለእማዬ ቤት ቆርቆሮ ግዛ፤ የቀረውን አስቀምጥልኝ" ትለዋለች። ወንድም መጀመሪያ 50 ብር አስያዘ። ደረሰው፤ 600 ብር ሆነ። ቀጥሎ 500 አስያዘ፤ ተበላ። የተበላውን ለመመለስ 2,000 አስያዘ። በስድስት ወር ውስጥ የቆርቆሮው ብር የለም። እህት ስትደውል "ቆርቆሮ ተወደደ፤ ትንሽ እንጠብቅ" ይላታል። እናት ዝናብ በሚያፈሰው ጣራ ሥር ሆና ልጄ ቁም ነገረኛ ነው ትላለች።

በዚህ ቤት የጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ አማና ጠፍቷል። ወንድም የእህቱን ስልክ ማንሣት ፈርቷል። ሰላት ትቷል፤ "በምን ፊቴ አላህ ፊት እቆማለሁ" ይላል። ጠብና ጥላቻ፣ ከሰላትም መታገድ፤ አንቀጹ እንደተናገረው አንድ በአንድ ተፈጽሟል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ዝምታው ነው። እርሱ ከሐፍረት የተነሣ አይናገርም። እኛም ጠርጥረን "ይሉኝታ" ብለን አንጠይቅም።

መውጫው መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ በቁማር የተጎዱ ጥቂት ሰዎች መሰብሰብ ጀመሩ። ስማቸውን ሳያጋልጡ፣ አንዱ የሌላውን ታሪክ ያለ ነቀፋ እየሰማ፣ "ዛሬ አልጫወትም" እያሉ ይረዳዱ ነበር። ዛሬ ይህ ማኅበር በብዙ አገሮች አለ። ዘዴው ለእኛ እንግዳ አይደለም። የወንድምን ነውር መሸፈን፣ በጀመዓ መቆም፣ በተውበት መመለስ የኛው ሃይማኖት ትምህርት ናቸው። በወሎ ደግሞ ቅሬ አለን፤ የተጣላ የሚያስታርቁ አበጋሮችና ሽማግሌዎች አሉን። ለለቅሶ የሚደርስ ቅሬ፣ በቁም ለሞተ ሰው መድረስ እንዴት ያቅተዋል?

በመጀመሪያ፣ አንተ የተያዝክ ወንድም፣ ለአንድ ሰው ተናገር። አባትህን ከፈራህ ለአጎትህ፣ ለአክስትህ፣ ለኢማሙ፣ ለታመነ ጓደኛህ ንገር። የቁማር ኃይሉ ድብቅነቱ ላይ ነው። ኢማሞችና ዑስታዞችም ምስጢር የሚነገረው ሰው እንዲህ ያለውን ሰው በሚምበር ላይ ምሳሌ እንደማያደርገው አስቀድሞ መታመን አለበት።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡን ከእጅህ አርቅ። ለተወሰኑ ወራት ደመወዝህንና የሚላክልህን ገንዘብ የምታምነው የቤተሰብ ሰው ይያዝልህ። የውርርድ መለያህ እንዲዘጋልህ ጠይቅ፤ ማመልከቻውን ከስልክህ አጥፋ፤ ቲኬት የምትቆርጥባቸውን ባልንጀሮች ለጊዜው ራቃቸው።

ሦስተኛ፣ ዕዳውን በወረቀት ጻፈው። ከሰው የተበደርከው ሐቅ ነው፤ ተውበት የሚሟላው የሰው ሐቅ ሲመለስ ነው። ቤተሰብ ሊረዳ ቢፈልግ ብሩን በተያዘው ሰው እጅ አያስቀምጥ፤ ለባለዕዳው በቀጥታ ይክፈል። ትልቅ ዕዳ ከሆነ ሽማግሌ ገብቶ በየወሩ የሚከፈል ስምምነት ይደረግ። "አንድ ጊዜ ደርሶኝ ዕዳዬን ልክፈል" ማለት ግን እሳትን በቤንዚን ማጥፋት ነው።

አራተኛ፣ ሕክምና መፈለግ ከኢማን ማነስ አይደለም። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ የአእምሮ ጤና ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል። ከዚያ በላይ ካስፈለገም በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልን የመሰሉ ተቋማት አሉ። በተለይ የተያዘው ሰው "መኖር አልፈልግም" የሚል ቃል ካወጣ፣ ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ለብቻው አትተዉት፤ በዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት።

አምስተኛ፣ ባዶ የሆነውን ሰዓት ሙሉት። ከዒሻ በኋላ ያለው ጊዜ ለቆማሪ አደገኛ ነው። የቂርአት ማዕድ፣ የሠፈር ኳስ፣ አነስተኛም ብትሆን ሐላል ሥራ ያስፈልጋል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በአካባቢያችን ያለፈው ጦርነት የብዙ ወጣት ሱቅና ተስፋ አጥፍቷል። ሥራ የሌለው ወጣት በአቋራጭ ብር ፍለጋ ቢወጣ የእርሱ ጥፋት ብቻ አይደለም። ከመካከላችን የሚችል ሰው ለአንድ ወጣት ሥራ ቢያስይዝ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

በመጨረሻም፣ ቢወድቅ አትደንግጡ። ከሱስ የሚወጣ ሰው አንዳንዴ ይመለስበታል። ቢወድቅም እንደገና አንሡት። ቤተሰብ ምልክቶቹን ይወቅ፤ የሚያስይዘው ብር እየጨመረ መምጣቱ፣ የተበላውን ለማስመለስ መቻኮሉ፣ ውሸትና ምክንያት የለሽ ብድር፣ ስልክ መደበቅ፣ ከሰላትና ከሥራ መራቅ።

ውድ አድማጮቻችን፣ በጃሂሊያ ዘመን ቁማር ያልተጫወተ ሰው ስስታም ተብሎ ይሰደብ ነበር። ኢስላም ሲመጣ ያ ሕዝብ ቁማሩን ትቶ ድሃውን መመገብ አላቆመም። በዘካና በሰደቃ ከቀድሞው አብልጦ መገበው። ሥጋው ቀረና ረሃብ አልመጣም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ አንዱ እንዲበላ ሌላው መክሰሩ ቀረ። እኛም ከቁማር የምናተርፈውን ብር ለእናታችን ቆርቆሮ፣ ለእህታችን አደራ፣ ለጎረቤታችን ችግር ብናውለው የታሪኩ ትምህርት ገባን ማለት ነው።

ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን ቤታችን ስንገባ ከመካከላችን ዝም ያለውን ልጅ እንየው። ሳንቆጣ "ምን ሆነሃል?" እንበለው። ምናልባት ያን ጥያቄ ሲጠብቅ ቆይቶ ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ.) የተያዙትን ነጻ ያውጣልን፤ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን፤ በስደት ላይ ያሉ እህቶቻችንን ይጠብቅልን፤ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።